መብራቱ እስኪጠፋ

ሎታር ባሌ ነው። በትዳር አርባ አንድ ዓመት ኖርን፤ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ግን አርባ ሦስት ዓመት አብረን ቆመናል፣ እኔ ከሴቶቹ ወፍራም ድምፅ ጋር፣ እሱ ከኋላ ረድፍ ከባሶቹ፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ከሚይዙት ወንዶች ጋር። በዚህ በጀርመን፣ በሳክሶኒ ተራራ ላይ የሱን ያህል ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ጉራ ነው ካላችሁ ጉራ ይሁን፤ ለባሌ እኔ ካልነዛሁለት ማን ሊነዛለት ነው?

ጥር ላይ ሐኪሙ ልቡን መረመረና ቁርጡን ነገረን። ብርድ እንዳይነካው፣ ብዙ እንዳይቆም፣ ትንፋሹን እንዳያስጨንቅ። ምነው ባጭሩ አትዘምር ቢለው! ሎታር ኮቱን እየቆለፈ፣ "ከመዝሙሩ ቀረጻ በኋላ እሺ፣ ዶክተር" አለ። ደረጃው ላይ ደግሞ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

"ሮስቪታ፣ ለሄኒንግ ትንፍሽ እንዳትዪ። ከሰማ አንድ ጥግ አስቀምጦ ሻይ ሲያጠጣኝ ነው የሚውለው።"

እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ አሁን ማውራቱ ምን ሊረባኝ!

ሄኒንግ መሪያችን ነው፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ ደስ ሲለው ጆሮው የሚቀላ ልጅ። ሰገነቱ ላይ ከተረሳ ሣጥን ውስጥ፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት እዚሁ ኦርጋን ይመታ የነበረ ሰው የጻፈውን ባለ ስምንት ድምፅ ዝማሬ አገኘ። ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ወደ ፈጣሪው የሚጣራ ሰው ዝማሬ ነው። ማንም ቀርጾት አያውቅም፤ እኛ የካቲት ላይ ልንቀርጸው ተዘጋጀን። መጨረሻው ላይ ባሶቹ ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ከዚህ በታች ድምፅ የለም በምትሉበት ቦታ ያርፉና አንድን ድምፅ ረጅም ጊዜ ይይዛሉ። ሌሎቹ ባሶች፣ ፎልክማርና ዮስት፣ እዚያ ይደርሳሉ፤ ግን ያጉረመርማሉ እንጂ አይዘምሩም። ሎታር ሲጨመርበት ወለሉ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል።

የቀረጻው ዕለት የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ነበር፣ በረዶው እስከ ጉልበት። ቧንቧው ቀጭ ቀጭ እያለ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ ማሞቂያው ጠፋ። የማማው ሰዓትም እንዳይደውል መቆም ነበረበት፤ ይህን የሚያደርገው ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ትራውጎት ነው። እያለከለከ ወርዶ የማማውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

"ይኸው አቆምኩላችሁ። እናቴ ቤት ሰዓት የሚቆመው ሰው ሲሞት ነበር። እናንተ ደግሞ ማንን ልትቀብሩ ነው?"

"አንተን ነዋ!" አለው ሎታር። "በዚህ ሟርተኛ አፍህ ማን ይቀድምሃል?"

ሁሉም ሳቀ። እኔ የሎታርን ኮት እስከ አንገቱ ቆለፍኩለት።

ድምፅ ቀራጯ ዚልከ የምትባል ከከተማ የመጣች ልጅ ናት። እሷ ቄሱ ልብስ የሚለብሱበት ክፍል ውስጥ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ትቀመጣለች፤ እኛ የምናየው የስብከቱ መድረክ ላይ የተሰቀለ ቀይ አምፖል ብቻ ነው። አምፖሉ ከበራ ማሳል የለም፣ መነቃነቅ የለም። ዝማሬው ካለቀ በኋላም አምፖሉ እስኪጠፋ እንደ ድንጋይ መቆም ነው፤ ድምፁ ጣሪያው ሥር ዞሮ ዞሮ እስኪሞት ስድስት ሰባት ሴኮንድ ይፈጃል። ጠዋት እዚህ ላይ ከሴቶቹ አንዷ ጊዘላ እግሯን ብታዛውር ጣውላው ሲጥ አለና ያን የመሰለ ቀረጻ ገደል ገባ።

"ጊዘላ!" ብሎ ጮኸ ሎታር ከኋላ። "ሞት ራሱ ቢመጣብሽ መብራቱ እስኪጠፋ ቆይ በዪው!"

"አንተን ሲመጣብህ እናይሃለን!" አለችው።

በሳቅ ፈረስን። እኔም ሳቅሁ።

ከምሳ በኋላ እረፍት ሆነ። ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳሁለት፣ የጉበት ቋሊማ የተቀባ ዳቦ ሰጠሁት። አልቀመሰውም። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጣቶቹ ኩባያውን አንይዝ ብለዋል።

"ተነስ፣ ቤታችን እንሂድ።"

"አንድ ጊዜ ነው የቀረው።"

"ሄጄ ለሄኒንግ ነው የምነግረው!"

"ሮዚ፣ ስሚኝ እስኪ። ከኔ በኋላ ያንን ድምፅ የሚያወጣው የለም። ቀረጻው ላይ ትቼው ልሂድ፤ ስትፈልጊኝ ትሰሚኛለሽ።"

"የት ነው የምትሄደው? ዝም በል!"

"እሺ፣ እንስማማ። አንቺ ድምፄን ከአርባ ሰው መሃል ትለዪዋለሽ። ከጠፋብሽ እጅሽን አንሺ። እጅ ካየ ሄኒንግ ያቆማል፣ እኔም ያለ ጭቅጭቅ ቤቴ እገባለሁ።"

"ማልልኝ።"

"አንቺን ይንሳኝ!"

ቆምን። አምፖሉ በራ። ያን ቀን ምን እንደነካን አላውቅም፤ እንደዚያ ዘምረን አናውቅም። ብርዱ ጠፋ፣ እግሬ እንኳ መኖሩን ረሳሁ። መጨረሻው ላይ ባሶቹ ወረዱ፣ ሎታር ገባበት፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ረጅም ድምፅ ስንይዝ ሁላችንም በተራ ነው የምንተነፍሰው። አንዱ ሲያቆም ጎረቤቱ ይሸፍንለታል፤ ሰሚው ምንም አያውቅም። ዕድሜ ልካችንን የተማርነው ይህንኑ ነው። እየተነፈሰ ነው አልኩ። ሎታር ሁልጊዜ በሦስት ይመለሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት። እጄ ኖታውን ይዛለች። አንሺያት እንጂ! እላለሁ ለራሴ። ሄኒንግን አየሁት፤ ጆሮው ቀልቷል፣ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። አሁን ይመለሳል አልኩ። አምስት። ስድስት። ያን ዝማሬ ማበላሸት ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው፣ ፈራሁ! እጄን ሳላነሳ እስከ መጨረሻው ዘመርኩ።

ዝማሬው አለቀ። ድምፁ ጣሪያው ሥር ይዞራል። አንገቴን እንኳ አላዞርኩም። አምፖሉ ሲጠፋ ፎልክማር፣ "ኧረ እርዱን!" ብሎ ጮኸ።

እሱና ዮስት ሎታርን በትከሻቸው መሃል አቁመው ይዘውታል። ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ ወድቋል።

"ሲደገፈኝ የዞረበት መስሎኝ..." አለ ፎልክማር። "ደግፈነው ዘመርን። መብራቱ እስኪጠፋ ብለን እኮ ነው፣ ሮስቪታ!"

አምቡላንስ በበረዶው መጣ፤ ሆኖም ለሬሳ ነበር የደረሰው። ትራውጎት የማማውን ሰዓት እስከ ቀብሩ ቀን አላስነሳውም፣ የጠየቀውም ሰው የለም።

ከፋሲካ በፊት ሄኒንግና ዚልከ ቤቴ መጡ። ሄኒንግ ካቀረብኩለት ቂጣ ላይ ፍርፋሪ እየለቀመ ቀና ብሎ አላየኝም።

"እርስዎ ካልፈቀዱ አናወጣውም" አለኝ።

ዚልከ ግን መላ ይዛ ነበር የመጣችው። "የጠዋቱ ቀረጻ አለ፣ ጣውላው ሲጥ ያለበት" አለች። "ከዚያ በፊት ያለው ንጹህ ነው፣ ባለቤትዎም ያለ እንከን ይዘውታል። ያንን ቆርጬ እዚህ ብቀጥለው ማንም አያውቅም። እስከ መጨረሻው ይዘምራሉ።"

ምን ልዋሻችሁ፣ ጓጓሁ። እስከ መጨረሻው ሲዘምር መስማት የማይፈልግ ማን አለ? ግን ድምፁ ሲጠፋ እንድለይ አምኖ ሥራ የሰጠው ለኔ ነበር፤ የጠፋበትን ቦታ ልሸፍነው አልችልም።

"እንዳትነኪው" አልኳት። "እንዳለ ይውጣ።"

ወጣ። የሰማው ሁሉ መጨረሻው ነፍስ ያስረሳል ይላል። ፎልክማር እንኳ ደጋግሞ ሰምቶ ምንም የጎደለ አላገኘሁም ብሎኛል። ከምሳ በኋላ ወጥ ቤቴ ተቀምጬ እከፍተዋለሁ። ሎታር ይገባል፣ ይይዛል፣ ያቆማል። ከበላዩ የኔ ድምፅ አለ፣ ጥርት ያለ፣ ምንም እንዳልሆነ ይዘምራል። እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ እጄን አነሳለሁ። የሚያቆም ግን የለም።