ጉንዳን ክርስትና ስታነሳ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ያቺን ጉንዳንን ታውቂያት የለ? ሰፈሩ ሁሉ ጉንዳን የሚላት አጭር ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ከነከሰች አትለቅም። እና የእህቷ ልጅ ክርስትና ሊነሳ ደረሰ። እናትየው ደግሞ ክርስትና እናት እንድትሆነው የመረጠችው ጉንዳንን ነው። ምጡ አልገፋ ብሎ ሲያሰቃያት እጇን ይዛ ያደረችው እሷ ነቻ። ጣቶቿ አለመሰበራቸው ተአምር ነው።

አክስታቸው ይሄን ስትሰማ ለንቦጯን ጣለች።

«እኔ ቁጭ ብዬ? ይቺ ትናንት አፍንጫዋን የጠረግኩላት?»

ክርስትና እናት ደግሞ አንድ ናት፣ ሁለት አይቻልም። ወይ አክስት ወይ ጉንዳን።

እህትማማቾቹ ሕፃኑን ይዘው ለማስመዝገብ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናቸው ቁምስና ቢሮ ሄዱ። ጸሐፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጉንዳንን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ልጄ?»

«አሥራ ሰባት።»

«እንግዲያው አይሆንም። አሥራ ስምንት ያልሞላው ክርስትና አያነሳም።»

«ማን አለ?»

«ኢንሹራንሱ።»

ጉንዳን ጆሮዋን ነው የተጠራጠረችው። ጸሐፊዋ ግን የምሯን ነው። ከአሥራ ስምንት በታች ያለ ሰው ለሕፃናት ኃላፊ እንዳይሆን ውሉ ይከለክላል፣ ልጁ ከእጇ ቢወድቅ ኩባንያው ዞር ብሎም አያየንም አለች። «አክስትሽ ትያዘው። ምን ቸገረሽ?»

እህትየዋ ፊቷ ጠቆረ። ሕፃኑን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ «እንግዲህ ካሉ...» ስትል ጉንዳን አቋረጠቻት።

«እትዬ፣ ሕገ ቀኖናው አሥራ ስድስት የሞላው፣ ሜሮን የተቀበለ፣ የሚቆርብ ነው የሚለው። እኔ ሁሉንም አሟላለሁ። ጳጳሱ ሌላ ዕድሜ ወስነዋል?»

«እኔ አልሰማሁም።»

«እንግዲያው መምረጥ የወላጅ መብት ነው። የኢንሹራንስ አይደለም፣ የአክስቴም አይደለም።»

«ይቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ከየት ነው የምትለቅመው?»

«ለሜሮን ስንማር እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

ጸሐፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«የቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ የተቃጠለ ጊዜ ሻማውን ማን አበራው ብለው ኢንሹራንሶቹ ጠየቁን። ትንሽ ልጅ ነበር ያበራው። አንከፍልም አሉ፣ አለቀ። አዲሱን መጋረጃ በእጄ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ እንደዚያ አልሆንም።»

ጉንዳን አዘነችላት። አዘነችላት እንጂ አልተወችም።

በነጋታው ጓደኛዋን ቀጭኔን ጎትታ ኢንሹራንስ ቢሮ ገባች። ቀጭኔ እንደ ስሟ ረጅም ናት፤ መንገዱን ሙሉ «ተይው በቃ፣ እህትሽ ሌላ ትወልዳለች» ስትል ነበር። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ሸሚዙ ላይ እስክሪብቶ ፈሶበታል።

«ደንበኛችን ቁምስናው ነው፣ የኔ እህት። ውሉን ለመንገደኛ አናሳይም።»

«መንገደኛ አይደለሁም፣ ጋሼ። በውሉ ተከልክለሻል የተባልኩት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ፈገግ አለ፣ ግን ንቅንቅ አላለም። «ቁምስናው ከጠየቀ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክል የመንገር ግዴታ አለብን። እስከ ዛሬ ግን የጠየቀን የለም።»

ለጉንዳን ይሄ በቂዋ ነበር። እየሮጠች ተመልሳ አባ ልብስ የሚቀይሩባት ክፍል በር ላይ ቆመች።

«አባ፣ ምእመን የሚያስፈልገውን ለእረኛው የመናገር መብት አለው አይደል?»

«አለው» አሉ አባ ልብሳቸውን እያጠፉ። «አንቺ በመብት ስትጀምሪ ግን ያሰጋኛል።»

ነገሩን ሰምተው ራሳቸው ኢንሹራንሱ ጋ ደወሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አክስትም ደርሳለች፤ ለእሑድ የገዛችውን ቀሚስ ለጸሐፊዋ ልታሳይ መጥታ ከነፌስታሉ ቆማለች።

«ውሉ የሚለው ‹በቁምስናው የተመደበ የልጆች ጠባቂ› ነው፣ አባ» አለ ሰውዬው። «ለቅዳሜው የልጆች ፕሮግራም ማለት ነው። ጥምቀት ላይ ልጁ በቤተሰቡ እጅ ነው። ማን ይቀፈው ብለን እኛ አንገባም።»

አባ ጸሐፊዋን አዩአት። ጸሐፊዋ መነጽሯን መወልወል ጀመረች። አክስት ፌስታሉን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ጉንዳን ግን ገና አልጨረሰችም።

«ጋሼ፣ መጋረጃው ሲቃጠል ለምን እንዳልከፈላችሁ በጽሑፍ ሰጥታችኋል?»

ከስልኩ ወረቀት የማገላበጥ ድምፅ ተሰማ።

«አልተጠየቅንም።»

«እንግዲያውስ ዛሬ ተጠየቃችሁ።»

ይሄን ያለችው ጉንዳን እንዳይመስልሽ። ጸሐፊዋ ናት። መነጽሯን አጥልቃ ከወንበሯ ተነስታለች። «ምክንያታችሁን ከነአንቀጹ በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ካልላካችሁ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ድረስ እሄዳለሁ።» አባ ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩአት።

እሑድ ጉንዳን ሕፃኑን ታቅፋ የጥምቀቱ ገንዳ አጠገብ ቆመች። አክስት አዲሱን ቀሚስ ለብሳ ከጎኗ ተለጥፋ፣ ከመደርደሪያ የሚወድቅ ብርጭቆ እንደምትቀልብ ሁለት እጇን ከሕፃኑ ሥር ዘርግታለች።

«አክስቴ፣ እጅሽን ሰብስቢ።»

«ምን አደረግኩሽ? ለጥንቃቄ ነው።»

«ጥንቃቄዋ እኔ ነኝ።»

ውሃው ሲነካው ልጁ አቤት ያወጣው ጩኸት። የጉንዳንን ፀጉር ጨምድዶ ይዞ ቁልቁል ጎተታት፣ አንገቷ ተጣመመ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ክንዷ ግን ፍንክች አላለም። እህትየዋ ከፊት ቆማ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ጸሐፊዋ መዝገቡ ላይ «ክርስትና እናት» በሚለው ሥር የማንን ስም እንደጻፈች ለአክስት ጠጋ ብላ አሳየቻት።

ሲወጡ ጉንዳን ቀጭኔን ወደ ጥግ ሳበቻት። «እውነቱን ንገሪኝ፣ እጥለዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ታወቀብኝ?»

ቀጭኔ ምን ብላ እንደመለሰችላት ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«እንኳን ሕፃን፣ ጳጳሱን ብታቅፊ አትጥይም ነበር።»