የእሑድ ዳቦ

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ወፍራም ነሽ አላለኝም። ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

«ደምሽ ከወንድምሽ ጋር ይስማማል፤ ኩላሊቶችሽም ጤነኛ ናቸው። ግን አሁን ባለሽበት ክብደት ቢላ ላሳርፍብሽ አልደፍርም። ቀንሺና ተመለሺ።»

ምን ያህል ልቀንስ ስለው ጥግ ላይ ወዳለው ሚዛን እያየ ነገረኝ። የነገረኝ መጠን ድክ ድክ የሚል ሕፃን የሚመዝነውን ያህል ነው። ሕፃን ደግሞ ወልጄ ስለማውቅ፣ ይሄኛው እንዴት ይከብዳል ብዬ እየቀለድኩ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ቀልዱ ጠፋብኝ።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፣ ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ስሙ ጩጬ ነው። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ከማሽኑ ሲነሳ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ መሰላል መውጣትማ ከተወ ሰነበተ። ቤተሰቡ ሁሉ ተመርምሮ ለእሱ የሚስማማው የእኔ ኩላሊት ብቻ ሆነ። ስለዚህ የጩጬ ዕድሜ ዞሮ ዞሮ የእኔ ሆድ ላይ ወደቀ።

እኔ ደግሞ የምሠራው ኬክ ቤት ነው። ኬኩ ላይ በክሬም አበባ የማወጣው፣ «እንኳን ተወለድክ» ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ልክሳ ሲል ኬክ ቤት አልደርስም ይላል። እኔ የት ልበል?

ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የማይሰማው ትምህርት የለም። አምና ስለ ከዋክብት ነበር፤ ዘንድሮ ስለ ካርቦሃይድሬት ሆነ። ሐኪሙ ያለውን በነገርኩት ማግስት ከሥራ ስገባ የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ኦና ሆኖ ጠበቀኝ። ፓስታው የለም፣ ሩዙ የለም፣ ድንቹ የለም፣ የልጆቹ ብስኩት እንኳ የለም።

«የት አደረስከው?»

«ለጎረቤታችን ሰጠኋት።»

«ምን በድላህ ነው?»

«አትቀልጂ። ዳቦ ማለት ስኳር ነው። ፓስታ ማለት ስኳር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅጠል። አለቀ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ይሄ ሰው ፈርቷል። ሚስቱን አስተኝተው ጎኗን ሊከፍቱ ነው፤ እሱ በእጁ ያለው ነገር ድንች መደበቅ ብቻ ነው። አንጀቴን በላኝ። የሰጠኝን እንቁላል በላሁ።

ሆስፒታሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋ ላከን። ልጄ የምትሆን ቀጭን ልጅ ናት፤ አነጋገሯ ግን የበሰለ ነው። ባዶ ሳህን አምጥታ በጣቷ ከፈለችልን። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ሥጋ ወይም ጥራጥሬ፣ ሩቡ ዳቦ ወይም ሩዝ።

«ምንም ነገር እርም አታድርጊ። መጠኑን ብቻ ያዢ» አለችኝ።

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «የኔ እህት፣ ሲጋራ ላቁም ያለሽን ሰው ሩብ ሲጋራ ትሰጪዋለሽ?»

«ሰው ያለ ሲጋራ ዕድሜ ልኩን ይኖራል፤ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ያለ ዳቦ ሊኖሩ ነው?»

«እኖራለሁ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። የዚያኑ ቀን ማታ ሸሚዙን ላጥብ ስቀበለው ከደረት ኪሱ የዳቦ ፍርፋሪ አራገፍኩ። ነገሩን ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት።

እውነቱን ለመናገር የልጅቷ ምክር ልቤ ገብቶ ነበር። ችግሩ እኔ መሀል የለኝም። አንድ ብስኩት ከቀመስኩ ፓኮውን አያለሁ፤ ፓኮው ካለቀ ሱቁን። ጀመርኩ ማለት ጨረስኩ ማለት ነው። ይሄን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው ደግሞ ጩጬ ነው። ስለዚህ የባለቤቴን መንገድ ያዝኩ። ኬክ ቤት ክሬሙን ለሥራ ባልደረባዬ እያስቀመስኩ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥጋና ቅጠል።

እሑድ እሑድ ግን ምሳ የምንበላው ጩጬ ቤት ነው። ያኔ ጠረጴዛው መሀል፣ በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ በቅርጫት ይቀመጣል። ፎጣው ሲገለጥ ሽታው ቀጥታ ወደ እኔ ይመጣል።

«እትዬ፣ አንድ ቁራሽ ምን ያደርግሻል?» ይላል ጩጬ።

«ተው እንጂ ጩጬ!» ይላል ባለቤቴ።

«ባለሙያዋ ምን አለች? በልክ አለች። ልክ ማለት ዜሮ ነው እንዴ?»

«ለእሷ ልክ ማለት ዜሮ ነው!»

«ሰው ነዳጅ ያስፈልገዋል። ያንተ ታክሲ ያለ ቤንዚን ይሄዳል?»

«ታክሲዬ ቤንዚን አንሶባት አታውቅም፤ ሚስቴም እንደዚያው!»

እነሱ እንዲህ ሲሟገቱ፣ የወንድሜ ሚስት ወጥ ስትጨምር፣ እኔ ቁራሿን እወስዳለሁ። አንዷ ሌላዋን ትጠራለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰበብ ማንም አያጣውም፤ ዛሬ ከተበላሸ አይቀር፣ ሰኞ እጀምራለሁ። ክርክሩ ሲያልቅ ቅርጫቱም ያልቃል። ጩጬ አገጩን በእጁ ደግፎ ስበላ ያየኛል። ዓይኑ ውስጥ ያለው ፍቅር ነው፤ ምንም አልተጠራጠርኩም። በሽተኛ ሰው ነው፣ ጤነኛ ሰው ሲበላ ማየት ደስ ብሎት ነው አልኩ።

የቀጠሮው ቀን ሚዛኑ ላይ ስወጣ ጫማዬን አውልቄ፣ የጆሮ ጌጤን ሁሉ አውልቄ ነበር። ሚዛኑ አልራራልኝም። በሳምንቱ ያወረድኩትን በእሑድ መልሼዋለሁ፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሬበታለሁ። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አይቶ፣ «ደግሞ ይሄ ሁሉ ሥጋ ምንድን ነው? የምንፈልገው ኩላሊትሽን ነው፤ አታድክሚው» አለኝ። ባለቤቴ መሬት መሬቱን አየ። ቀጠሮው ወደፊት ተገፋ።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የወንድሜን ዕድሜ በዳቦ በላሁት አልኩ። ጩጬ ጋ ደውዬ ነገርኩት፤ የእሱ ድምፅ ግን ቀለል ያለ ነበር። «አይዞሽ እትዬ፣ ራስሽን አታስጨንቂ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው ብዬ የባሰ አለቀስኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የወንድሜ ሚስት ኬክ ቤት መጣች። ለሠርግ የታዘዘ ኬክ ላይ ጽጌረዳ እያወጣሁ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«ልደብቅሽ አልቻልኩም» አለችኝ። «ቀጠሮው ተገፋ ብለሽ የደወልሽ ቀን፣ ስልኩን እንደዘጋ ምን አለ መሰለሽ? ተመስገን አለ።»

«ምን?»

«ተመስገን አለ። ያን ቀን ደህና እንቅልፍ ተኛ። ደግሞ የእሑዱ ዳቦ... ራሱ ነው ሄዶ የሚገዛው። ደረጃ መውጣት የሚያደክመው ሰው፣ ማንንም አይልክም። በፎጣ የሚጠቀልለውም እሱ ነው። ሽታው እንዳይጠፋ ነው ይለኛል።» እንባዋ ወረደ። «እኔ ባሌን እፈልገዋለሁ።»

የክሬሙን ከረጢት ሳላውቅ ጨምቄው ኖሮ ጽጌረዳው ጎመን ሆኗል። ሽርጤን አውልቄ ለባልደረባዬ ሰጠሁና ወጣሁ።

የእጥበት ቀኑ ነበር። ረጅም ክፍል ነው፤ አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ አጠገብ ማሽን ይሽከረከራል። ጩጬ ቱቦው ክንዱ ላይ እንደተሰካ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከጎኑ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሚስቱ ሲጨርስ የሚበላት አንድ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣለታለች።

«እትዬ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ተመስገን ያልከው ለምንድን ነው?»

ፊቱ ተለዋወጠ። ነገሩን ሊያዞረው ፈለገ፤ ግን የትም መሄድ አይችልም፣ ታስሯል።

«ሚስቴ ምስጢር ትይዛለች ብዬ ነበር» አለ።

«እሷን ተዋት። መሞት አማረህ?»

«አላማረኝም» አለ ቀስ ብሎ። «እትዬ ሙች፣ አላማረኝም።»

«ታዲያ ለምን ታበላኛለህ?»

ወደ ዳቦዋ ዞር ብሎ አየ። «እማዬ አንድ አንድ ዳቦ ስትሰጠን ታስታውሻለሽ? እኔ የራሴን ቶሎ እጨርስና ያንቺን አያለሁ። ጠገብኩ ትይና ግማሹን ትሰጪኛለሽ። እኔ ጅሉ አምን ነበር። የእህቴ ሆድ ትንሽ ነው እል ነበር።»

እንባ በዓይኑ ሞልቶ ሳቀ።

«ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው የገባኝ። ርቦሽ ነበር።»

«አዎ» አልኩት። «ርቦኝ ነበር።»

«በቃ፣ ስወስድ ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ ጎንሽን ተቀደሽ አንድ ነገር ብትሆኚ ልጆችሽን በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? እምቢ ብልሽ አትሰሚኝም። ስለዚህ ሚዛኑ እምቢ ይበልልኝ አልኩ።»

ቱቦው ባይኖር በጥፊ አጮለው ነበር። ቱቦው ባይኖር ደግሞ አቅፌ አልለቀውም ነበር። ሁለቱንም ስላልቻልኩ የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

«ስማ ጩጬ። ሙሉ ዳቦ ሰጥቼህ አውቃለሁ?»

«አይ።»

«ሌላውን ግማሽ ማን በላው?»

«አንቺ።»

«እንግዲህ እየኝ። ግማሹን እየበላሁ እንዲህ ከሆንኩ፣ ሙሉውን ብበላ በዚህ በር እገባ ነበር?»

ሳቁ አመለጠው፤ ነርሷ ዞር ብላ አየችን።

«ሁለት አለኝ» አልኩት። «አንዱን ነው የምሰጥህ። አንዱ ይበቃሻል ብሎኛል ሐኪሙ።»

ሳቁን አቆመ። «አንቺ በቃኝ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ይህቺ ልቤን ወጋችኝ፤ ሐቅ ነበረችና። ባለቤቴ እንቁላል እየቆጠረ፣ ልጅቷ ሳህን እየከፈለች ያልነኩትን ቦታ ነካው። ለካ የፈራው ቢላውን ብቻ አይደለም። እኔ መስጠት ስጀምር ልክ እንደማላውቅ፣ መብላት ስጀምርም እንደማላውቅ ያውቃል።

ከጠረጴዛዋ ላይ ዳቦዋን አንስቼ ወረቀቱን ገለጥኩ። ለሁለት ቆረስኳት። አንዷን መብላት ጀመርኩ፤ በቀስታ፣ እያኘክሁ። እሱ እንደ እሑዱ ያየኛል። ስጨርስ እጄ ራሱ ወደ ሌላኛዋ ሄደ። ያዝኩት።

«ጨርሺያት እንጂ» አለኝ፤ ልማዱ ነው።

አምላኬን፣ ፈልጌያት ነበር። ከምሳ ይልቅ፣ ከእንቅልፍ ይልቅ ያቺን ግማሽ ዳቦ ፈልጌያት ነበር። በወረቀቱ መልሼ ጠቀለልኳትና አጠገቡ አስቀመጥኳት።

«በቃኝ።»

በልጅነቴ ጠገብኩ ስለው ነጭ ውሸት ነበር። ይሄኛው ግማሽ ውሸት ነው። ግን ነርሷ ማሽኑን ነቅላለት እስክትጨርስ ድረስ እዚያው ቁጭ አልኩ፣ ያቺም ዳቦ እዚያው ቁጭ አለች። እሱም ሳይነካት ሲያያት፣ ሲያየኝ ቆየ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀላል ሆነ ብዬ አልዋሽም። ባለቤቴን የደረት ኪሱን ፍርፋሪ አስታወስኩትና ድንቹ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። «ግማሽ ዳቦም ስኳር ነው» እያለ ማጉረምረሙን አልተወም፤ ግን ግማሹን የሚቆርስልኝ እሱ ሆነ። የተሸነፍኩባቸው ቀኖች አሉ። ልዩነቱ ሲበላሽብኝ ሰኞን አለመጠበቄ ነው። ሚዛኑ እያዘገመ፣ እየተግደረደረ መውረድ ጀመረ።

ጩጬ ግን እሑድ እሑድ መፈተኑን አላቆመም። ቅርጫቱን እንደ ድሮው ፊቴ ያስቀምጣል፤ እኔም አንድ ቆርሼ ግማሹን እመልሳለሁ። ባለቤቴ ራሱ ክርክሩን ትቶ ሁለታችንን እያፈራረቀ ያያል።

ከቀጠሮው በፊት ባለችው እሑድ ስንደርስ ዳቦው እንደተለመደው በፎጣው ውስጥ ነበር። ተቀመጥን። እጄን ስዘረጋ ጩጬ ቀደመኝ። አንዱን ዳቦ አንስቶ ለሁለት ቆረሰ፤ ግማሹን እኔ ሳህን ላይ አደረገ፣ ግማሹን ለራሱ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳና ቅርጫቱን ከነፎጣው ይዞ ወደ ወጥ ቤት ገባ። የቁም ሣጥኑ በር ሲዘጋ ሰማን። ሚስቱ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ትታ በእጇ አፏን ያዘች።

ተመልሶ መጣና እያለከለከ ተቀመጠ።

«ነገ ሐኪሙ ጋ በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«በጠዋት።»

የራሱን ግማሽ ዳቦ አንስቶ ጎረሰ።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።