የሶልቬግ መስመሮች

ሚስቴ ሶልቬግ የሞተችው ስንዴ ሲታጨድ ነበር። ቀብሯ ላይ አላለቀስኩም፤ ከዚያም በኋላ ለወራት አላለቀስኩም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያመጡት ፔሮጊ፣ ድንች የተሞላው ሊጥ፣ ማቀዝቀዣውን ሞልቶት ስለነበር ማታ ማታ እሱን ቀቅዬ እበላለሁ፣ ሶፋው ላይ እተኛለሁ፣ ጠዋት ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ ሌሊቱን የተሰካውን የመኪናዬን ማሞቂያ ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ሰው "እንዴት ነህ?" ሲለኝ "ደህና" እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ ምንም አይሰማኝም ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ካናዳ ውስጥ ብራንደን ከተማ ነው። ለትልልቅ የእህል ጎተራዎች ፕሮግራም እንሠራለን፤ የትኛው ጎተራ ውስጥ ምን እህል እንዳለ፣ ከየት ወደየት እንደሚገለበጥ ኮምፒውተር ላይ በሥዕል የሚያሳይ። የሥዕሉን ክፍል ብቻዋን የጻፈችው ሶልቬግ ናት፤ ገና ወጣት ሳለን፣ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ሳለ። አሁን ያ ሁሉ ከአሮጌው የኮምፒውተር አሠራር ወደ አዲሱ መሻገር ነበረበት። አለቃችን ኬን ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። ለማን ይስጠው ታዲያ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚይዘው ነገር ሁሉ አድራሻ አለው። በድሮው አሠራር አድራሻው አጭር ነበር፤ በአዲሱ እጥፍ ረዘመ። ሶልቬግ ደግሞ፣ ያኔ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ አድራሻውን ለቁጥር ብቻ በተሰፋ ጠባብ ኪስ ነበር የምትከተው። ረጅሙን አድራሻ እዚያ ኪስ ውስጥ ብትከተው ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም የሰው በር ያንኳኳና ወድቆ ይዘጋል። ስለዚህ መስመሮቿ አንድ በአንድ መለወጥ ነበረባቸው።

እኔ አልለወጥኳቸውም። ፕሮግራሙን "ከታችኛው ሰፈር እንዳትወጣ" ብላ የምታዝ አንዲት ማብሪያ አለች። እሷን አበራኋት። ታችኛው ሰፈር አድራሻው አጭር ስለሆነ ምንም አይቆረጥም፤ ሁሉም ይሠራል፣ የሶልቬግ መስመርም አይነካም። ከእያንዳንዱ መስመር ዳር መጨረሻ የነካው ሰው ስም ይታያል፤ ነገር ሲበላሽ ማንን እንደምንሰድብ ስለሚነግረን "ወቀሳ" ነው የምንለው። የሥዕሉን ክፍል ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ሶልቬግ፣ ሶልቬግ፣ ሶልቬግ ይላል። አንዱን መስመር ከነካሁ የእሷ ስም ወጥቶ የእኔ ይገባል። ያንን እጄ እምቢ አለኝ።

ያወቀችብኝ በርኒ ናት። በእኛ መሥሪያ ቤት ማንም የራሱን ሥራ ራሱ አያጸድቅም፤ ሌላ ሰው መስመር በመስመር አንብቦ "ይግባ" ካላለ አይገባም። የእኔን የምታነበው በርኒ ናት፤ የሶልቬግ የልብ ጓደኛ፣ ምላሷ የማያርፍ። ከነወንበሯ እየተንሸራተተች መጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ማብሪያ ምንድን ናት?"

"ለጊዜው ናት።"

"ለጊዜው! እዚህ ቤት ለጊዜው የገባ ነገር ወጥቶ ያውቃል? ለመሆኑ የገበሬዎቹ ማኅበር ያዘዘንን ትልቁን ሥዕል ከፍተህ አይተኸዋል?"

"አላየሁትም።"

"እኔ አየሁት። ቦታ ጠበበኝ ብሎ ተዘጋ። ሰዎቹ አዲስ ማሽን የገዙት ለዚሁ ነበር እኮ! ባለ ብዙ ክፍል ቤት ሠርተህ ሳሎን ውስጥ ቆለፍክባቸው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አሁንም ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው?"

"ይመቸኛል።"

"አዬ ኦሬስት! ቤትህም ላይ ማብሪያዋን አብርተሃታላ።"

የስሞቹን ረድፍ በጣቴ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"ከፈለግክ በእሷ ስም አስገባው" አለች። "ማሽኑ እንደሆነ አያውቅ።"

"እሷ ታውቃለቻ። ያልጻፈችውን ጻፈች ብዬባት ትገድለኛለች።"

"እሱስ እውነትህን ነው።" ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። "እንግዲያው ለውጠው። ካልሆነልህ ለኬን እነግረውና ሌላ ሰው ይለውጠዋል።"

ሌላ ሰው። ያነሳሳኝ ይሄ ቃል ነው።

ማብሪያዋን አጠፋኋት። ፕሮግራሙ ወዲያው ወደቀ። ከላይ ጀመርኩ፤ ጠባቡን ኪስ አወጣለሁ፣ ሰፊውን አስገባለሁ፤ ዳር ላይ ሶልቬግ ይጠፋና ኦሬስት ይመጣል። አንዱ ሲነካ ሌላው አብሮ እየተመዘዘ የሚተርፍ አልነበረም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ድዱ ደንዝዞ ሲነቀልለት እንደሚያይ ሰው ሆኜ ነበር የምሠራው። ስትጽፍ ከጎኗ ስለነበርኩ አንዳንዱን አውቀዋለሁ። ይሄኛውን ስትጽፍ ዶናት እየበላች ነበር፤ ያኛው ላይ ተጣልተን ለየብቻ ምሳ ወጥተናል። እነሱንም ለወጥኳቸው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ትልቁ ሥዕል ተከፈተ፤ ጎተራዎቹ በሙሉ ቁጭ አሉ። ኬን አጨበጨበ። እኔ ለበርኒ ላክሁላት።

ከሰዓት በኋላ መልሷ ስክሪኔ ላይ መጣ። "ሁሉም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ መሀል ላይ ትርፍ ባዶ መስመር አለች። አጥፋት።"

ከፈትኩት። ዳሩ ላይ ኦሬስት፣ ኦሬስት፣ ኦሬስት ይላል። መሀል ላይ፣ ምንም ካልተጻፈባት መስመር ትይዩ፣ ሶልቬግ ይላል።

ሶልቬግ አንድ ሐሳብ ስትጨርስ መስመር ትዘል ነበር። "ዓይንም ይተንፍስ እንጂ" ትለኛለች፤ እኔ አጨናንቄ ነው የምጽፈው። ስለውጥ ክፍተቶቿን ሁሉ ሳላስበው በልቻቸው ኖሯል። ይቺ አንዷ አምልጣኛለች።

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ለቅሶው መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ተንሰቀሰቅኩ። ናፍቃኝ ነበር፤ እንዴት እንደናፈቀችኝ! በርኒ ሮጣ መጣች፤ "ምን ሆንክ?" ልትል አፏን ከፍታ ስክሪኑን አየች፣ አፏንም ዘጋች። ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ መልእክቷ ከስክሪኔ ጠፋ፤ በቦታው "ይግባ" የሚል መጣ።

ያን ማታ ሶፋውን ትቼ አልጋችን ላይ ተኛሁ፤ በራሴ በኩል፣ የእሷን በኩል ባዶ ትቼ።