የጥቁሯ ካሬ ዝምታ

በበርሊኑ ሙዚየም፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ፣ የእኔ የሽመና ንድፍ ቀሚስ ሆኖ ቆሟል። ሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን «ከፕሮፌሰር ፎልክማር ሥዕል የተቀዳ» ይላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በወጣትነቴ፣ አዲስ ጥበብ ይማሩበታል ወደተባለው ትምህርት ቤት የገባሁት ሥዕል ልማር ነበር። «ሴት ልጅ ብሩሽ ምን ያደርግላታል፣ ፍሪደሪከ?» ብሎ እንደ ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሽመና ክፍል የሰደደኝ ይኸው ፎልክማር ነው። በካሬ በካሬ አድርጌ የሸመንኩትን ጨርቅ ግን አንድ ሳያስቀር በሸራ ላይ ገለበጠውና ስሙን ጻፈበት። ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ዓመታት ቆይተው ከእሱ ሥዕል ቀድተው ይህን ቀሚስ ሠሩ።

አስጎብኚው ወጣት ቀሚሱ ጫፍ ላይ ያለችውን ጥቁር ካሬ እያሳየ፣ «ይህቺ የታላቁ ሠዓሊ ጥልቅ ዝምታ ናት» አለ።

«የምን ዝምታ!» ብዬ ጮህኩ። «ቀይ ክር አልቆብኝ ነው እንጂ!»

«እማማ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ቀይ ክር ይጨመርልኝ ብዬ ስለምነው፣ ‹ለሴት ሥራ ጥቁሩ ይበቃል› ያለኝ ታላቁ ሠዓሊህ ነው!»