ኩንታሉን የተሸከመው ስፌት

ሸራው "ትርርር" ብሎ ሲቀደድ ኩንታሉ ገና ጀርባውን አመቻችቶ አልጨረሰም ነበር። በሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ከተጋደመው ቃሬዛ መጀመሪያ ግራ ትከሻው፣ ቀጥሎ መቀመጫው፣ በመጨረሻም ያ የተከበረ ሆዱ ሾልኮ ከሥር በተከመረው የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ዘጭ አለ።

"ገደላችሁኝ!" አለ ከክምሩ ውስጥ።

"የሞተ ሰው እንዲህ አይጮህም። ተነስ ይልቅ፣ ጨርቁን አታጨማድድብኝ" አለች አለቃ።

ኩንታሉ የጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት እህል ሊያስፈጩ የሚመጡ ሴቶች ናቸው፤ አንድ ቀን ሊቀልድ ሚዛኑ ላይ ቢወጣ የሚዛኑ ልሳን ተወርውሮ ጥግ ላይ ቀረ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። አለቃ ደግሞ የስፌት ቤቱ ባለቤት ናት። እንዲያ ብሎ የሰየማት ባሏ ሾፌሩ ነበር፤ እሱ ለቀልድ ያለውን ደንበኞቿ የምር አደረጉት።

ሾፌሩ በዚያች ቅጽበት አልሳቀም። በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የማይታጠፈውን ግራ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ የተቀደደውን ይመለከታል። ዘንጉ የሚያልፍበት የግራው እጥፋት ከራስጌው ጀምሮ እስከ ወገቡ ተከፍቷል።

"አጥብቄው ነበር እኮ!" አለ። "ጫፉ ላይ ስንት ጊዜ ነው የተመላለስኩበት!"

አለቃ ጎንበስ ብላ ጣቷን በተቀደደው ጠርዝ ላይ አስኬደች። "ጉዱ እሱ ነው። እይ፣ ክሩ አልተበጠሰም። የተቀደደው ሸራው ነው። ወንፊት አድርገኸዋል።"

እውነቷን ነበር። ጫፉ ላይ መርፌው የበሳቸው ቀዳዳዎች ተደራርበው፣ ሸራው እዚያ ላይ እንደ ቴምብር ጠርዝ ሆኖ ነበር። አንዴ እዚያ ሲለቅ የቀረው ስፌት ተከትሎት ተተረተረ።

ስህተቱ የሾፌር ስህተት ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ግራ ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ባለው ጊዜ ቁልፉን አስረክቦ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው ስፌት ቤቱ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ ነበር። የሚያልፉትን መኪኖች ሳያይ፣ በድምፃቸው ብቻ "የዚህ ካምቢዮ አልቋል"፣ "ያኛው ዘይት ይበላል" እያለ ይበይናል። አለቃ ይህን ሰምታ ሰምታ ሲሰለቻት አንድ ቀን እጁን ይዛ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪና ፊት አስቀመጠችው።

"ይሄ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ ቀኝ እግር ካለህ ይበቃል" አለችው።

መንዳቱን ቶሎ ለመደው። ልቡን የወሰደው ግን ስፌቱን ወደኋላ የሚመልሰው ማንሻ ነበር። ተሳቢ የጎተተ መኪና ወደኋላ መመለስ ምን ያህል ላብ እንደሚያስጠምቅ እሱ ያውቃል። እዚህ ግን በአንድ ጣት ጫን ሲሉት መርፌው በሄደበት መስመር ፀጥ ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ በየጫፉ ይመላለስበት ነበር፤ አንድ ጊዜ ለጥንካሬ፣ የቀረው ለደስታ።

"አንድ ጊዜ ትንሽ መመለስ ክሩን ይቆልፈዋል፤ ከዚያ በላይ ሸራውን መውጋት ነው። ነግሬህ ነበር" አለች አለቃ።

"ነግረሽኛል። ታዲያ ምን ይሻላል? ሲስተር ከሰዓት ይመጣሉ።"

ሲስተሯ ከጤና ጣቢያው የምትመጣ ናት። ለገጠር ክሊኒኮች ብዙ ቃሬዛ ማሰፋት ፈልጋለች፤ ናሙናው ዛሬ ሰው ከተሸከመ ሥራው የእነሱ ነው። አለቃ ብቻዋን አትወጣውም። ለባሏም በግልጽ ነግራዋለች፦ ሥራው ከመጣ የመስኮቱ ሥር መኪና የእሱ ይሆናል፤ ካልመጣ ትሸጠዋለች። ሾፌሩ በሩ ላይ ወዳለችው በርጩማ ላለመመለስ የማያደርገው ነገር አልነበረም።

በተቀደደው ላይ ድርብ ቁራጭ ሸራ አለበሱበት። እጥፋቱና ልባሱ ሲደራረቡ ግን የመኪናው መርፌ "ቀጭ" ብሎ ተሰበረ። አለቃ የተሰበረውን ነቅላ ጣለችና ከመሳቢያው ወፍራም የእጅ መርፌ አወጣች። ክሩን በሰም አሽታ ለባሏ ዘረጋችለት።

"እኔ?"

"የቀደደው ማን ሆነና? ደግሞ የእኔ ጣት ይህን ሁሉ ሸራ አያልፍም። መሪ ሲያዞር የኖረ እጅ ለምን ተፈጠረ?"

"በእጄማ ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅም።"

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለህ ነው? ዛሬ አብረህ ታስኬዳቸዋለህ። እየኝ።" መርፌውን ከሥር አንድ እርምጃ አስቀድማ አወጣችው። "ወደፊት ብቻ እየሄድክ ከሰፋህ አንዱ ቦታ ሲለቅ ሁሉም ይከተለዋል። ስለዚህ ከላይ ትመለሳለህ፤ ያለፈው ስፌት ባበቃበት ቀዳዳ ታስገባዋለህ፤ ከሥር ሁለት እርምጃ ሄደህ ደግሞ ትወጣለህ። አዲስ ቀዳዳ የምትበሳው ስትወጣ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ስፌት የኋላውን ጨብጦ ነው የሚሄደው።"

"አንድ ወደኋላ፣ ሁለት ወደፊት።"

"ገባህ። በል ንዳ።"

የመጀመሪያዎቹን ስፌቶች በጥርሱ ጭምር ጎተተና ሸራው ተሸበሸበ። "አትነቀው!" አለች አለቃ። ፈታው፤ ደገመው። ቀስ እያለ እጁ መጠኑን አገኘ፤ ክሩ ሸራው ላይ ሲተኛ የሚሰማውን ልክ፣ ማርሽ ቦታው ሲገባ እንደሚሰማው ዓይነት፣ መዳፉ አወቀው። ላቡ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ ነበር፤ መስመሩ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል..." ብሎ ኩንታሉ ከበሩ ላይ ሲጀምር፣

"አንተ በእግርህ ሂድና ተሸካሚዎችህን ጥራ!" አለችው አለቃ።

ግራው አልቆ ሾፌሩ የመጨረሻውን ክር እንደበጠሰ ዓይኑ ወደ ቀኙ እጥፋት ዞረ። ያኛውንም የሰፋው እሱ ነው፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ማንሻ፣ በዚያው ደስታ። ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቀዳዳዎቹ እዚያም ተደራርበዋል። አፉን ሊከፍት ሲል ሲስተሯ በር ላይ ቆማ "ደህና ዋላችሁ? ትንሽ ቀደምኩ መሰለኝ" አለች።

ተሸካሚዎቹን ይዞ የተመለሰው ኩንታሉ ቃሬዛውን ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገ። "እኔ በሕይወቴ የተሸከመችኝ እናቴ ብቻ ናት። እሷም ዘጠኝ ወር ብቻ!"

"ሱሪህ በተተረተረ ቁጥር በነፃ እሰፋልሃለሁ" አለች አለቃ።

"የእኔ ሱሪ እኮ በየሳምንቱ ነው።"

"በየሳምንቱ።"

"አደራ ምስክር ናችሁ" አለና ኩንታሉ እየተነፈሰ ተጋደመ።

ሲስተሯ ስፌቱን አየት አደረገችና ቀና አለች። "እኔ መልኩን አልገዛም፤ ሰው የሚያደርስ ነገር ነው የምፈልገው። አንሱት።"

ሁለቱ የወፍጮ ቤት ተሸካሚዎች ጎንበስ ብለው፣ አቃስተው፣ አነሱት። ሸራው ሲጥ አለ። ሸራው ሰጠም ብሎ ወረደና ቆመ፤ ያዘ።

"ወደ ውጭ ውሰዱት" አለች ሲስተሯ። "የገጠር መንገድ ወለል አይደለም። ወዝውዙት።"

ወጡ። ከመንገዱ ማዶ የብረት በያጁ ብልጭታውን አቁሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤ ፀጉር ቤት ያሉት ሴቶች ጭንቅላታቸውን እንደተጠቀለሉ ብቅ አሉ። ተሸካሚዎቹ ቦዩን ተሻገሩ፤ የፊተኛው ሲዘል ኩንታሉ ነጠር ብሎ ተመልሶ ተኛ። ሾፌሩ እያነከሰ በቀኝ በኩል ይከተላል፤ ዓይኑ ከዚያች ጫፍ አይነቀልም።

"ይመችሃል?" ብሎ ጮኸ በያጁ።

"በጣም! ቤት ድረስ ውሰዱኝ!" ኩንታሉ ፍርሃቱ ለቆት እንደ ንጉሥ እጁን እያወዛወዘ ነበር። "ሚስቴን ጥሯት፣ ምን ያህል ቀላል እንደሆንኩ ትይ!"

መንገዱ በሳቅና በጭብጨባ ሞላ። ጥግ ደርሰው ሲመለሱ የግራው ልባስ እንደተሰፋ ነው፤ አንድ ክር አልተንቀሳቀሰችም። አለቃ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ባሏን አየችው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደዚያ አየችው። የሾፌሩ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ተሳቢ ይዞ ያን ሁሉ ዳገት ሲወጣ የኖረ ሰው፣ እንደዛሬ ጭነት አድርሶ የሚያውቅ አልመሰለውም።

"ጨርሰናል" አለች ሲስተሯ። "ሥራው የእናንተ ነው። ይህን ግን አሁኑኑ ልውሰደው፤ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ የሚያመላልሱት በበር ሳንቃ ነው።"

አለቃ ቃሬዛውን ለመጠቅለል ጎንበስ ስትል ሾፌሩ እጁን ሸራው ላይ አሳረፈ።

"ይሄን አይወስዱም፣ ሲስተር።"

የአለቃ ዓይን መርፌ ሆነ። "ምን አልክ አንተ ሰውዬ?"

"ግራው ጥሩ ነው። ቀኙ ግን የመጀመሪያ ስፌቴ ነው፤ ጫፉን አብዝቼ በስቼዋለሁ። ጠዋት የተቀደደውም እንደዚሁ የሰፋሁት ነው።"

"ምን?" አለ ኩንታሉ ሆዱን እየዳበሰ። "እያወቅክ ነው ያወጣኸኝ?"

ሲስተሯ ጫፉን ወደ ብርሃኑ አቅርባ አየች። "ያዘ እኮ። ሁላችንም አይተናል።"

"ዛሬ ያዘ። ለወላድ ይያዝ አይያዝ ግን አላውቅም። ነገ ጠዋት ይምጡ።"

ሲስተሯ ጫፉን ለቀቀችው። ከዚያ ወደ አለቃ ዞረች። "የቀሩትንም እሱ ነው የሚሰፋው?"

አለቃ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። "ግማሹን" አለች።

"እንግዲያው አንቺም ግማሽሽን እንደሱ ስፊ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።"

ሾፌሩ ቃሬዛውን ተሸክሞ ገባና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ምላጩን አነሳ፤ ኩንታሉን ያን ሁሉ መንገድ ከተሸከመው የቀኝ ስፌት የመጀመሪያውን ክር ቆረጠ።