ዳገቱ ላይ የቆመችው መኪና

አብረው የነበሩት አጎት እንደሚሉት፣ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ስትደርስ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ እየሳለች፣ ቀስ በቀስ ትንፋሿ አጥሮ ቆመች። ዳገቱ ላይ ያለው ባለሱቅ ደግሞ፣ «የምን ሳል? እንደ መብራት ድርግም ነው ያለችው» ይላል። ሁለቱ የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትየው ወርደው መግፋት ጀመሩ፣ አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ልባቸው ቆመ።

ልጃቸው ሁለቱንም ወሬ ሲሰማ ሦስት ወር አለፈው። አላለቀሰም። የሚበላው ነገር ጨው ይኑረው አይኑረው እንኳ አይለይም። ዛሬ ግን ጋራዡን ከፍቶ መካኒኩን ጠራው። ሰፈሩ ይህን ሰው «ጆሮው» ይለዋል፤ ሞተር ከመንካቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«እቺ የእንግሊዝ አሮጊት!» አለ ጆሮው፣ ባለሁለት መቀመጫዋን ስፖርት መኪና እየዞረ። «ከአባትህ በቀር ጠባይዋን የሚችል አልነበረም፤ ነፍሳቸውን ይማር። እየሳለች ከቆመች ነዳጅ ነው። ድርግም ካለች ኤሌክትሪክ ነው።»

ልጁ ይህን ያውቃል። ነዳጅ ከሆነ ጥፋቱ የአጎት ነው፤ ያን ዕለት ከጀሪካን የቀዱት እሳቸው ናቸው። እናትየውም ይህን ይዘው እስከ ዛሬ አኩርፈዋቸዋል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን፣ በዋዜማው ባትሪውን የቀየረው እሱ ራሱ ነው።

ጆሮው ቁልፉን ሲያዞር የነዳጁ ፓምፕ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ቱቦውን ነቅሎ ጠርሙስ ደቀነበት። ነዳጁ ሳይቆራረጥ ወረደ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳው፤ ቅንጣት ቆሻሻ የለበትም።

«አጎትህ ተሳስተዋል፤ ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው።»

ቀጥሎ የባትሪውን ሽቦዎች በጣቱ ተከተለ። ጣቱ ቆመ።

«ይሄን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ። ኔጌቲቩን ከቦዲው ጋር፣ እንደ ማንኛውም መኪና።»

«እሷ መች እንደ ማንኛውም መኪና ሆና ታውቃለች? በእሷ ዘመን ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነበር።» ጆሮው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፋቱ ሽቦው ተገልብጦም ትነሳለች። ግን ብልጭታው ይደክማል፤ ስትሞቅና ዳገት ሲይዛት ትከዳለች።»

ልጁ አሁን አንድ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። እጁ ግራሶ ነክቶታል፤ በጨርቅ ጠረገው።

«ስማኝ አንተ ልጅ» አለ ጆሮው። «የአባትህ ልብ ድሮም የታመመ ነበር። ሽቦውን አሁን አዙሬ አስረዋለሁ። ያየነው እኔና አንተ ብቻ ነን፤ ሆድ ካገር ይሰፋል።»

መፍቻውን ብሎኑ ላይ አሳረፈ። በመስኮቱ በኩል እናትየው ልብስ ሲያሰጡ ይታያሉ።

«ተወው ጋሼ፣ አትፍታው» አለ ልጁ። «እናቴንና አጎቴን አንድ ላይ ጠርቼ እንዳለ አሳያቸዋለሁ።»