በር የሌለው በረንዳ

ልብስ ሰፊውን የሰደበው የገዛ እህቱ ባል ነው፤ ቀኑም ማክሰኞ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ዓመት የሞላው ዕለት። «ዝም በል አንተ! የአንተ ዕውቀት እኮ ከመርፌ ቀዳዳ አያልፍም» አለው፣ ቤቱ በእንግዳ እንደተሞላ። ሰው ሳቀ። እህቱም ሳቀች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ባልየው መሐንዲስ ነው። ከጋብቻ በፊት እህትየውን ሊጠይቅ ሲመላለስ፣ ሁለቱ የሚቀመጡት አባቷ በሠራው የእንጨት በረንዳ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊው ወደዚያ ከመውጣቱ በፊት ሁለቴ ይስላል፤ እንዳያሳፍራቸው ብሎ።

በአሮጌው ሰፈር መሀል የቢሮ ፎቅ ሊቆም ነው ሲባል፣ ከአባቴ ቤት ንቅንቅ አልልም ያለው ልብስ ሰፊው ብቻ ነበር። ፎቁን የሚያሠራው መሐንዲሱ ነበርና መጥቶ አንገቱን አቀፈው። «አማቼ፣ በረንዳው ከነእንጨቱ ከፎቁ ፊት ይቆማል። ከሥሩ የአንተ ሱቅ። ልጆቼን ይንሳኝ!»

በልጆቹ የማለን ሰው ምን ይሉታል? ቤቱን ለቀቀ። ለፎቁ ምረቃ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስም በነጻ ሰፋለት።

ፎቁ አናቱ ቁም ሣጥን ይመስላል። ከታች ወፋፍራም አምዶች ተገትረዋል፤ የተሸከሙት ነገር የለም። ግማሹ ሮዝ፣ ግማሹ አረንጓዴ። «ይበላል እንዴ ይሄ?» አለ አንድ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። መሀሉ ላይ በረንዳው ተለጥፏል፤ ቅርጹ ያው የአባቱ፣ ግን ፕላስቲክ፣ መኪና ማቆሚያ የሚያህል። ከኋላው በር የለውም። ድፍን ግድግዳ ነው።

በምረቃው ዕለት መሐንዲሱ ያንን ልብስ ለብሶ ከእንግዶቹ ጋር ቆሟል፤ እህቱ ከጎኑ። ልብስ ሰፊው ቀረብ ብሎ ሁለቴ ሳለ። ዞሩ።

«እኚህ ማን ናቸው?» አለች አንዲት እንግዳ።

«ድሮ እዚህ ሰፈር ልብስ የሚሰፉ ሰውዬ ናቸው» አለ መሐንዲሱ።

እህቱ ጫማዋን አየች።

መሐንዲሱ ወደ ጥግ ሳብ አደረገው። «አትቀየመኝ አማቼ፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።»

«ሱቄስ?»

«ምድር ቤቱን ባንክ ወሰደው። ምን ላድርግ?»

«እንጨቱስ?»

«እሱማ ምስጥ በልቶት የለ! ሲሚንቶ ሲሞላ መደገፊያ አደረጉት። ይልቅ ቀና በል እስቲ፣ ቁርጥ የእናንተን በረንዳ አይመስልም?»

ልብስ ሰፊው ቀና አላለም። ከመሐንዲሱ ኮት ክፈፍ ላይ አንዲት ክር ተንጠልጥላለች። ሊነቅላት እጁ በልማድ ተዘረጋ። ከመንገድ መለሰው፣ ኪሱ ከተተውና ሄደ።